ስለ ዕርዳታ እህል የመንገድ ላይ ድርሻ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው የአበው ቃል እስከ ዛሬ በሕግ ሳይደነገግ በመቆየቱ፤

ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ለተራበ የተላከ ስንዴ በወፍጮ ቤትና በገበያ ተገኘ ብለው በሰኔ 2015 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ በማቆማቸው ሥራችን ተስተጓጉሎ የነበረ በመሆኑ፤

እኛ በለጋሹና በተራበው መካከል የተደረደርን ሁሉ ድርሻችንን በሥርዓት መደልደል አስፈላጊ ሆኖ ስላገኘነው የሚከተለው ታውጇል።

1. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “ተረጂ” ማለት ስሙ በዝርዝር የሰፈረ ሰው ነው፤ መራቡ ግዴታ አይደለም፤

ለ) “ብክነት” ማለት እኛ የወሰድነው፣ “ስርቆት” ማለት ሌላው የወሰደው ነው፤

ሐ) “የሥራ ማስኬጃ” ማለት በደረሰኝ የተበላ ነው።

2. የባሕር ድርሻ

የአሜሪካ ሕግ ከአገሪቱ የምግብ ዕርዳታ ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን ያዝዛል። ኪራያቸው ከሌላው ቢወደድም ድርሻቸው በሕግ የተጻፈ ነውና ሙስና አይባልም። የየብሱ ወገን ከዚህ ይማር።

3. የመጋዘንና የወፍጮ ድርሻ

1) ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ክክና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ሲመደብ ተረጂው ለሙሉው ይፈርማል፤ የሚወስደው ግን በጣሳ የተሰፈረለትን ነው።

2) የለጋሹ ዓርማ፣ የተጨባበጡ እጆች፣ የታተሙበት ጆንያ ወፍጮ ቤት ከመድረሱ በፊት ስንዴው ምልክት ወደሌለው ጆንያ ይገለበጣል።

3) የሞተ ሰው ከዝርዝር አይሰረዝም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ይፈርምለታል።

4. ክትትል

1) ጉድለት ሲገኝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሦስት ቀን የፀረ ሙስና አውደ ጥናት ይካሄዳል። አበሉ ከዚያው ከዕርዳታው በጀት ይታሰባል።

2) ተቆጣጣሪ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ በደብዳቤ ያሳውቃል፤ መጋዘኑም ሞልቶ ይጠብቀዋል።

3) ሪፖርት የሚጻፈው በተጫነው ኩንታል ልክ ነው፤ ማን በላ ተብሎ አይጠየቅም።

5. ክልከላ

ድንገት ወፍጮ ቤት መፈተሽ፣ ጆንያን ከወደብ እስከ ቀበሌ በቁጥር መከታተል፣ በተለይም የተረጂውን ስምና የድርሻውን ልክ ጎረቤት እንዲያነበው አደባባይ ላይ መለጠፍ በጥብቅ ተከልክሏል።

6. ቅጣት

1) የሰረቀ ሰው ጉዳይ “እየተጣራ ነው” ይባላል።

2) የተሰረቀበት ሰው ራሽኑ ለወራት ይቋረጥበታል። በመጠለያ ያሉ ስደተኞችም ከዚህ አያመልጡም፤ በ2015ም አላመለጡም።

7. አቤቱታ

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በጥር 2016 ዓ.ም. በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ ሰዎች ለጽሕፈት ቤታችን የቀረበ አቤቱታ የለም።

8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሳይታወጅም ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ የሚጸናበትን ቀን መጥቀስ አላስፈለገም።