ክረምት ያለ ጭቃ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ጀበና ዙሪያ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የከረሙ አንድ አዛውንት አሉ። ያደጉበት አርማጭሆ በእሳቸው አንደበት ክረምቱ ጭቃ የለውም፤ ማሽላው ሳይታረም ያፈራል፤ እረኝነት ዋሽንት መንፋት ብቻ ነው። ጅቡ እንኳ ያኔ ጨዋ ነበር!

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1944 ለጦራቸው ቀለብ ብለው በትራክተር ማሳረስ የጀመሩት የገዳሪፍ ሜዳ ግን ለዛ የለውም ባይ ናቸው። በዋልካው ስንጥቅ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ካላዛር የሚባል በሽታ ታመጣለቻ። ያችው ዝንብ በመተማ በኩልም አለች ሲባሉ፣ «ከዚህ ተሻግራ ነው» ይላሉ።

አንድ ጎረምሳ «ታዲያ ለምን ጥለውት መጡ?» ብሎ ነበር። «ጨዋታ አታበላሽ» ተባለ። ከዚያው ገነት ሰሊጥ አጨዳ ፍለጋ ድንበር የሚሻገሩት የቀን ሠራተኞች ግን «እውነት ነው አባባ!» ይላሉ፤ ቡናውን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።