ሚዛን የገባበት መሶብ

እኛ ቤት ማዕድ ቀርቦ ለመበላት ሁለት ሰው ማለፍ አለበት። መጀመሪያ እኔ እባርካለሁ፤ ቀጥሎ የልጄ ልጅ ትመዝናለች። ቡራኬው ይረዝማል እየተባልኩ ስታማ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን አሜን ከተባለ በኋላም እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃለን።

ሚዛኗ መዳፍ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ ናት። ልጅቱ ሩብ እንጀራ ታስቀምጥባታለች፤ ቁጥሩ ይጋልብና ይቆማል። ሽሮ ጠብ ታደርግበታለች፤ እንደገና ይጋልባል። ካሰበችው ትንሽ ካለፈ ሽሮውን በጣቷ ጫፍ ወደ ድስቱ ትመልሳለች። ጣቷን ግን አትልስም፤ በሶፍት ትጠርገዋለች። ደሜ የሚፈላው ይኸኔ ነው። ጣት ላይ የቀረ ሽሮ በየት አገር ነው በሶፍት የሚጠረግ?

በሽተኛ እንዳትመስላችሁ። ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ልጆች ሠልጥነው ይመደባሉ ተባለ፤ የኛዋ ዘግይታ የገባች ናት። የጤና ፓኬጆቹን ይዞ ከቤት ቤት መዞር፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ነፍሰ ጡር ማስተማር ነው ሥራዋ። ባሶ ሊበን ደግሞ ላዩ ደጋ፣ ታቹ ዓባይ ነው። ጠዋት ከየጁቤ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ማታ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። የጫማዋን ሶል የማስጠግነው እኔ ስለሆንኩ ምን ያህል እንደምትሄድ ከሷ ይልቅ አውቃለሁ።

እንዲህ የምትባዝን ልጅ ክብደት ልቀንስ አለች። ሰርጓ ጥር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሄዳ ቬሎ መርጣ ቀብድ ከፍላለች፤ ዚፑ ግን ወገቧ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ልብስ ሰፊ በየበሩ ሞልቷል፣ ሁለት ጣት ያህል ይለቀቅልሽ ብላት «አብዬ፣ የኪራይ እኮ ነው፤ አይነካም» አለችኝ። እንግዲህ ልብሱ ካልተነካ ልጅቱ ትነካ ተባለ። በኛ ጊዜ ሙሽራ ሰርጓ ሲደርስ ከሥራ ተከልላ፣ ገንፎ በቅቤ እየበላች ነበር የምትሰነብት። እናቷን የዳርኩት እንደዚያ ነው። ሙሽራይቱ የተቀመጠችባት በቅሎ ያኔ ብታማርር ይገባኝ ነበር፤ እሷ ግን ዝም ብላ ተሸከመች።

የምትመዝነው በስልኳ ካሎሪ ልትቆጥር ነው፤ ካሎሪ ደግሞ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት ነው እያልኩ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። የምግቡ ካሎሪ የዚያ 1000 እጥፍ ነው። ነገሩን በሰው ላይ የሞከረው አትዋተር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሰው በታሸገች ክፍል እያስገባ፣ እያበላና እያሠራ ከገላው የሚወጣውን ሙቀት ለካ። ስብ በግራም 9፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ አልኮል 7 የሚባለው ስሌት የተወረሰው ከሱ ነው። ሰውየውን አልቀየመውም። ያሳሰበው የሠራተኛው ደመወዝ ስንት ጉልበት ይገዛለታል የሚለው ነበር፤ ጡንቻውን የሚያሠራ ወንድ በቀን ከ3000 በላይ ያስፈልገዋል ባይም ነበር። ነገሩ የተገለበጠው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሉሉ ሃንት ፒተርስ የተባለች የሎስ አንጀለስ ሐኪም መጽሐፍ አሳትማ ሴቶቹን ሁሉ ቁርስሽንም ምሳሽንም በካሎሪ ቁጠሪ አለቻቸው። ለራሷ የቆረጠችው 1200 ነበር። ይኸው ቁጥር መቶ ዓመት ተጉዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በልጅቱ ስልክ ላይ ወጣ።

የሚያንገበግበኝ 1200ው ነው። በሀገራችን ማን ድሃ ነው፣ ማን አይደለም ለማለት የምግብ ድህነት መስመር ሲሠመር አንድ አዋቂ በቀን 2200 ካሎሪ ማግኘት አለበት ተብሎ ነው፤ ከ1988 ዓ.ም. ጥናት ጀምሮ። እንግዲህ ደመወዝተኛዋ የልጅ ልጄ፣ ጤፍ በጎተራ ቅቤ በቅል እያለ፣ በመንግሥት ሒሳብ የድሃ ድሃ ሆናለች። ማመልከቻ ጽፈሽ ሴፍቲኔት ግቢ አልኳት። የምሬን ነው፤ በሴፍቲኔት ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ እህል ነው ስሌቱ፤ በቀን ግማሽ ኪሎ፣ በካሎሪ ወደ 1700 መሆኑ ነው። ሴፍቲኔቱ ከስልኳ ይልቅ ቸር ነው።

ቀን ቀን ደግሞ የምትሠራውን ስሙልኝ። የሕፃናት ክንድ ትለካለች። ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ አላት፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ላይ ያረፈ ልጅ ፕላምፒ ነት ይታዘዝለታል፤ ከኦቾሎኒ የተሠራች 92 ግራም እሽግ፣ 500 ካሎሪ። «ጨርሶ ይብላ፣ ለማንም እንዳታካፍይበት» ብላ እናቲቱን አስጠንቅቃ ትሰጣለች። ማታ ቤት ትገባና የራሷን ካሎሪ ለምሳና ለእራት ትከፋፍላለች። አንድ ማታ መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥቼ በክንዷ ላይ ልጠቀልል ስል «አብዬ፣ ይኸ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ነው» ብላ ነጠቀችኝ። እኔ መቼ ዕድሜዋን አየሁ፤ ጠባይዋን አይቼ ነው።

ቁጥር ከፈለገች ቁጥር አለኝ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን ከመቶ 22ቱ ከሲታ ናቸው፤ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 8 ብቻ። «በከተማ ግን 21 ነው» ትለኛለች። በገጠሩ 4 መሆኑን ስነግራት የጁቤ ከተማ ናት አለችኝ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ገጠር ነው የምትኖረው፣ ወገብ ሲለካ ከተማ።

ሌላው ጣጣ የሰው ቤት ነው። ከቤት ቤት የምትዞር ልጅ ቡና ሳይጠራባት፣ ዳቦ ሳይቆረስላት አትወጣም፤ ደንቡ ነው። እሷ ግን አሁን «ጠገብኩ» ትላለች። የምትለው ማን ናት? ሰዉን ሁሉ ዕቃችሁን እጠቡ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ እያለች የምትቆጣጠር ልጅ! አንዲት ባልቴት ዳቦዬን እምቢ ያለችው ቤቴን ተጸይፋ ነው ብላ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣች አሉ። በሳምንቱ ብትመለስ ሴትዮዋ ምጣድ አክምባሎውን አጥባ ፀሐይ ላይ ዘርግታ፣ ጓሮዋን ጠርጋ፣ ልጇ አዲስ ጉድጓድ ወገቡ ድረስ ቆፍሮ ጠበቃት። ለወረዳው ሪፖርት ያማረ ነገር ነው። ሴትዮዋ ግን ይህን ሁሉ ችላ ዳቦዋ ዳግመኛ ሲመለስባት «በምን ላጥበው?» ብላ አለቀሰች።

ሒሳቡም ቢሆን ከእንጀራ ጋር አይሄድም። ስልኩ ውስጥ እንጀራ ተብሎ ሲፈለግ ብዙ ዓይነት ቁጥር ይመጣል፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅ። የኛው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት፣ ያ ፋፋን ያስገኘው፣ በ1960ዎቹ የሀገሩን ምግብ ይዘት በሰንጠረዥ አውጥቶ ነበር፤ እሱን አምጪ ብላት ስልኩ ላይ የለም አለች። ደረቅ ጤፍ በ100 ግራም ወደ 367 ካሎሪ ነው እንበል። ታዲያ የቢቸና ማኛ ነው ወይስ ዳጉሳ ገብቶበታል? ባለቤቴ ስትደሰት አሳስታ ትጋግራለች፣ ስትናደድ ታወፍረዋለች፤ ዘንድሮ አሳስታ አታውቅም።

የመሶቡ ይብሳል። ለሦስት በአንድ ትሪ እንቀርባለን። ሚዛኑ የማይመች ቀን ልጅቱ በጣቷ መስመር ታሰምርና «እስከዚህ የኔ ነው» ትላለች። ወጡ ድንበር አያውቅም፤ ከኔ በኩል ወደሷ፣ ከሷ በኩል ወደ አያቷ ይሄዳል። ለጎጃሜ ልኬት አይዋጥለትም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር መጣ፣ መሬታችን ሊለካ ነው ሲባል ሞጣና ዳሞት ምን እንዳደረጉ የሰማ ያውቀዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሰው፣ በኋላ ውዝፍ ግብሩን እስከ መማር ደረሱ። ርስቱን አላስለካም ብሎ የሸፈተ ሰው የልጅ ልጅ፣ ትሪ ላይ ቀያሽ ሆና ተቀመጠች። ባለቤቴ ደግሞ ቀያሽ አታውቅም። መስመሩን ጥሳ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፏ ላይ ታደርስባታለች። ልጅቱ አፏን ሞልታ ስልኳን ታያለች፤ ስልኩ ዝም ይላል። አያቷ «ይኸ አይቆጠርም፣ ከኔ ድርሻ ነው» ትላለች። ካየሁት ሒሳብ ሁሉ ይኸ ነው የገባኝ።

ዳገቱን ትወጫለሽ፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ብላት አንድ ምርምር ጠቀሰችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖንትዘር የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ ታንዛንያ ሄደው ሐድዛ የሚባሉትን አዳኞች ለኩ። ሐድዛዎች ቀኑን ሙሉ ሲሄዱ፣ ሲቆፍሩ፣ ሲያድኑ ነው የሚውሉት፤ የሚያወጡት ካሎሪ ግን የገላቸው መጠን ሲታሰብ ወንበር ላይ ከሚውለው አሜሪካዊ እምብዛም አልተለየም። ገላ አንዱ ጋ ሲያወጣ ሌላው ጋ ይቆጥባል ማለት ነው ይላል ሰውየው። «ስለዚህ መሄድ ብቻውን አያከሳም፣ ምግቡን መቁጠር ነው» አለችኝ። ነገሩን አልጣልኩትም፤ ሳይንስ ነው። ግን እኮ ሐድዛዎቹ ቀጭን ናቸው፣ ሚዛንም አልያዙም! ይኸን ስላት ቻርጀሯን ፍለጋ ሄደች።

ስልኩ እርምጃዋንም ይቆጥራል። መብራት በጠፋ ማግስት ስልኩ ሞቶ ቤት ይቀራል፤ ያን ቀን ዳገቱን ወጥታ የመጣችው ልጅ በስልኩ ሒሳብ አልጋ ላይ የዋለች ናት። ታዲያ ማታ ለሱ ቅጣት ከእራቷ ትቀንሳለች። መብራት የሚያጠፋው ሌላ፣ የሚራበው ሌላ። መጀመሪያ መረጃዋን ስትሞላ «ሥራሽ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር አሉ። እሷም የመንግሥት ሠራተኛ ናትና ቀላል የሚለውን ነካች።

የሚያከሳ ነገር አልነበረንም እንዴ? ክረምት ነበረን። ሰኔ ሐምሌ እርሻው ሲጠና፣ አረሙ ሲበዛ፣ ያኔ ነው ጎተራው የሚራቆተው። ሥራው የበረታበት ወር እህሉ ያለቀበት ወር ነው። አባቴ በነሐሴ ቀበቶው ላይ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይበሳ ነበር፤ ጥር ላይ አውድማው ገብቶ ወደ አሮጌው ቀዳዳ ይመለሳል። ማንም ጎበዝ አላለውም። ጾምም አለን፤ ለምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ለካህኑ እስከ 250 ይደርሳል። ሁዳዴ ብቻውን 55 ነው። የምንቆጥረው ቀን ነው እንጂ ጉርሻ አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለህ፣ ከዚያ የሱፍ ፍትፍት ይቀርብልሃል፣ እስክትጠግብ ትበላለህ፤ ማንም በሶፍት አይጠርግብህም። በፋሲካ እናካክሰዋለን፤ እሱንም አልክድም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ዘመድ ተዛመተ። የሙሽራው እናት በኅዳር መጨረሻ ከቢቸና ልትጠይቀን መጣች። ሙሽራይቱ ሩብ እንጀራዋን ቆርሳ ስትነሣ አየች። ባለቤቴን ጓዳ ገብታ በሹክሹክታ «እቴ፣ ልጂቱ ታማለች ወይ? ያለ ነገር እንዲህ አትሆንም» አለቻት። ባለቤቴ እኔን ጠራችኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። ስለ አትዋተር ልጀምር? ስለ ሐድዛ? ስለ ዚፑ ብነግራት ዘመድ ያልቃል። «ጾመ ነቢያት ይዛ ነው፣ ከልጅነቷ ጾም ታጠብቃለች» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሁላችንም ጿሚ ነን። ሴትዮዋ «እሰይ፣ የታደለ ልጄ!» ብላ እልል አለች። በገና ማግስት ልጇን ይዛ ዶሮ ልትበላ ልትመጣ ቃል ገብታ ሄደች።

ታዲያ ገና ሲመጣ ጾሙ ይፈታል፣ ሰርጉ ጥር መጨረሻ ነው። በመሐሉ ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ የጥምቀት ጋድ አለ፤ የቀሩትን ቀናት በምን ልሸፍናቸው? የንስሓ አባታችንን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አግኝቼ በጥር ሌላ ጾም ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ለማን ነው?» አሉኝ። ለቬሎ ነው ይባላል?