ወደ ሳንቲያጎ በእግር ለሚሄድ ሰው የተሰጠ ምክር

ስፔን ውስጥ ወዳለችው ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በእግር ለመሄድ ከቆረጡ፣ ቁም ነገሩ መድረስ እንዳይመስልዎት። መድረስማ በአውሮፕላንም ይደረሳል። ቁም ነገሩ ከሌላው ተሳላሚ አብልጦ መሰቃየት፣ ስቃይንም በትሕትና ማሳወቅ ነው።

ስለዚህ መነሻዎን ይምረጡ። የሐዋርያው ያዕቆብ ዐፅም አርፎበታል በሚባለው ካቴድራል ስም የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት 100 ኪሎ ሜትር በእግር መጓዝ ይበቃል። ብልጥ ሁሉ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሳሪያ የሚነሳው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ከፈረንሳይ፣ ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ይነሱ፤ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀን የፒሬኔን ተራራ ያሻግራል። ጉልበትዎ እዚያው ቢያልቅም ኩራቱ እስከ መጨረሻው ያደርስዎታል። ሳሪያ ላይ ጫማው አቧራ ያልነካው መንገደኛ ሲቀላቀልዎት ክፉ አይናገሩት። «ከየት ተነሳህ?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ሲሰሙ «አይዞህ» ይበሉት።

ሻንጣዎን ከማደሪያ ማደሪያ በመኪና የሚያደርሱ ሰዎች አሉ። ነውር ነው። ካልቻሉ ግን ሲቀበሉ ማንም አይይዎት።

ማታ አልቤርጌ በሚሉት የተሳላሚ ማደሪያ፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ሲያንኮራፋ የሚያድር ሰው አይጠፋም፤ ያ ሰው እርስዎ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ቢያንስ እንቅልፍ ያገኛሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንዱ በግንባሩ መብራት ዓይንዎን እያጠፋ ፌስታሉን ሲያንኮሻኩሽ ይነቃሉ። እራት ላይ ደግሞ ወሬው ሁሉ ውሃ ስለቋጠረ እግር ነው። ተረከዝዎን ገልጠው መርፌና ክር ያውጡ፤ ምን ትልቅ ሐኪም ቢኖር ያን ያህል አይከበርም።

መንገድ አይጠፋዎትም፤ ቢጫ ቀስት ይከተሉ። ቀስቶቹን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀባት የጀመሩት የኦ ሴብሬሮ መንደር ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ ናቸው። ቀለሙን ጭነው የዞሩት በመኪና ነበር፤ ይህን ግን ለሻንጣ ላኪዎቹ አይንገሩ፣ መከራከሪያ ይሆናቸዋል። ኢራቼ የተባለ ቦታ ሲደርሱ ግድግዳ ላይ ሁለት ቧንቧ ያያሉ፦ ከአንዱ ውሃ፣ ከሌላው ወይን ይወርዳል፤ ሁለቱም በነፃ። ጨዋ ተሳላሚ መጀመሪያ ውሃውን ይቀምሳል፣ ለወጉ ያህል።

ካቴድራሉ ውስጥ ዕድል ከቀናዎት ቦታፉሜይሮ የተባለውን ጽና ሲወረወር ያዩታል። በአንድ እጅ የሚወዛወዘውን የእኛን ጽና የለመደ ሰው ይደነግጣል፤ ይህኛው 53 ኪሎ ያህል ነው፣ ስምንት ሰዎች በገመድ እየጎተቱ ከጣሪያ ሥር ያስበሩታል። ዕጣኑ የተሳላሚውን ጠረን ለመሸፈን ነበር ይባላል። ከአልቤርጌ የመጣ አፍንጫ ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

በመጨረሻ በየመንገዱ በተመታ ማኅተም የሞላውን የተሳላሚ ደብተርዎን ይዘው ለምስክር ወረቀቱ ይሰለፋሉ። ከፊትዎ ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ከሌ ፑይ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሰው መቆሙ አይቀርም፤ ሳይጠይቁትም ይነግርዎታል። አይደንግጡ። በአክብሮት ያዳምጡትና፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሻንጣውን ማን እንዳመጣለት ይጠይቁት።