ዶክተር የያዘው መኪና

በዳባትና በደባርቅ መሀል አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ዕቃ ሲፈልግ ሱቅ አይሮጥም። መኪናው ቆሞ ዶሮ የሚያድርበትን ወዳጁን ይጠይቃል። ቶዮታ አርባ ሞዴሉን እ.ኤ.አ. በ1984 በሰባ ሞዴል ከተካው ወዲህ ስፖኪዮውም ኮፈኑም ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየዞረ ነው የሚኖረው።

እስከዚህ ሰላም ነው። የዚህን ወግ ጸሐፊ እንቅልፍ የነሳው የሻጩ ማስረጃ ነው፦ «ዕቃው አልተነካም፤ ዶክተር የያዘው መኪና ነበር።» ካርቡራተሩ የዶክተር፣ ባሌስትራው የዶክተር፣ ክሪኩ እንኳ የዶክተር። «ሰሊጥ ተጭኖበት ሑመራ ሲመላለስ የኖረ ነው» ያለ ሻጭ አልተሰማም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን ነው። ሐኪም ማስተማር የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ትምህርቱ ዓመታት ይፈጃል። እንግዲህ ጎንደር ያስመረቃቸው የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ተመድበው፣ ደመወዝ አጠራቅመው መኪና እስኪያምራቸው ድረስ አርባ ሞዴሉ ከፋብሪካ መውጣት አቁሟል። በመንግሥት ደመወዝ ላንድክሩዘር እንዴት እንደሚገዛ እንኳ አንጠይቅ። ምናልባት ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ፣ ድሬሰሩም ጭምር፣ ዶክተር ይባል ስለ ነበር ይሆናል። ወይም ዶክተሩ አንድ ብቻ ነበሩ፤ መኪናቸው ተበትኖ ስሜን በሙሉ ተካፍሎታል። እንዲያ ከሆነ ግን ስድስት መሪ ከየት መጣ?

ፍሬን ላይ ሲደረስ ነገሩ አያስቅም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ፈልፍሎ ያወጣው ጠመዝማዛ፣ ወሬ አይሰማም። የተበላ የፍሬን ሸራ በዶክተር ስም ለወዳጅ መሸጥ ነውር ነው። ነጋዴ ቢያደርገው «ያው ነጋዴ ነው» ይባላል፤ ቡና እያጠጣ፣ የልጆችን ደኅንነት እየጠየቀ የሚሸጠውስ ምን ይባል? ገዢው ታች ሲደርስ የሚያስፈልገው ዶክተር እኮ ሌላ ነው!

ደግሞ ሻጭም ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የዶሮዎቹን ማደሪያ በጉጉት የሚያየው ሰው በዝቷል፤ ትንሽ ማጋነንም ያምራል። የባለቤት ክብር ዋጋ የሚጨምር ከሆነማ የአዲስ አበባ ቮልስ ወዳጆችን ማን ይችላቸዋል? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት ከኋላ ለመግባት የፊቱን ወንበር ማጠፍ ግድ ነው። ያንን ወንበር «እኔ ዘንድ ነው» የሚል ሻጭ ቢነሣ አይገርምም፤ ዋጋውንም መገመት ይቻላል።

ለማንኛውም የአርባ ሞዴል የግራ ፍሬቻ ያለው የደባርቅ ወይም የዳባት አንባቢ ካለ ብቅ ይበል። አናጢ የያዘው መኪናም ቢሆን እንገዛለን።