ሚናሚ ሚናሚን ያገባች ዕለት

የጃፓን ሰው ስሙ ሁለት ነው፤ የቤተሰቡ ይቀድማል፣ የራሱ ይከተላል። አዋቂዎች የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። የራስ ስም ለእናት፣ ለልጅነት ጓደኛና ለፍቅረኛ የተቀመጠ ነው። ሁለት ሰዎች ሃያ ዓመት በአንድ ቢሮ ሠርተው፣ አንዱ ሌላውን ከ«ታናካ-ሳን» (ሳን እንደ አቶና ወይዘሮ ያለ ማክበሪያ ነው) አልፎ ሳይጠራው ጡረታ ቢወጡ የሚደነቅ የለም። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው አጥር ይህን ያህል ከፍ ካለ፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ እግሩን ወዲህና ወዲያ የሚያወዛውዝ ስም ሊኖር አይገባም ነበር። ግን አለ፤ ሚናሚ ይባላል።

ደቡብ ማለት ነው። ሰሜኑም፣ ምሥራቁም፣ ምዕራቡም የጃፓን ቤተሰቦች መጠሪያ ሆነዋል፤ ሚናሚ ግን በዚህ አልረካም፣ የሴት ልጅ ስምም ሆኖ ተወዷል። በአንድ በኩል የጦር ሚኒስትር የነበረውና ከ1936 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. ኮሪያን ያስተዳደረው ጄኔራል ሚናሚ ጂሮ አለ። በሌላ በኩል አዳቺ ሚትሱሩ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው «ተች» የተባለ ዝነኛ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ውስጥ፣ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ልባቸውን የጣሉባት አሳኩራ ሚናሚ አለች። ለጄኔራሉ ሚናሚ የቤተሰቡ ነው፤ ለልጅቷ የራሷ። እንግዲህ ስልክ ደውሎ «ሚናሚ-ሳን አሉ?» የሚል ሰው የክፍል ኃላፊውን በአክብሮት እየፈለገ ይሁን ወይስ አዲሷን ጸሐፊ በድፍረት፣ ከድምፁ ብቻ መለየት አይቻልም። ለእኔ ይህ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የስም ዘር የለም። ያለው የቤተሰብ ስም የሚባል ወንበር ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ ይሆነዋል።

የጃፓንን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ እጁን ማንሳቱ አይቀርም። ስሙ ሲሰማ አንድ ቢሆንም ሲጻፍ ይለያያል ይላል፤ ጃፓኖች በቻይና ፊደል ስለሚጽፉ አንድ ድምፅ በብዙ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። እውነት ነው። ለ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሎምፒክ የተዘጋጀውን ዘፈን ካዜሙት አንዱ የሆነው ሚናሚ ሃሩኦ የመድረክ ስሙን የሚጽፈው «ሦስት» እና «ማዕበል» በሚሉ ፊደላት ነው፤ እሱን ከደቡብ ጋር የሚያምታታ የለም። ነገር ግን ጄኔራሉና የሥዕሏ ልጅ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው፤ ያው ደቡብ፣ ያው ጭረት። እንኳን ጆሮ ዓይንም አልዳነም።

ቅደም ተከተሉ አለ እንዳይባል ደግሞ፣ ቅደም ተከተሉን ያበላሹት ራሳቸው ጃፓኖች ናቸው። አገራቸው እንደ ምዕራቡ መዘመን ከጀመረችበት ከሜይጂ ዘመን ወዲህ በላቲን ፊደል ሲጽፉ እንደ ምዕራባውያኑ የራስን ስም አስቀደሙ። ከጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ መንግሥት በሰነዶቹ ላይ የቤተሰብ ስም ይቅደም ብሎ ወሰነ፤ ሕዝቡ ግን አንዱ እንደ አሮጌው፣ ሌላው እንደ አዲሱ ይጽፋል። አሁን በላቲን ፊደል «ሚናሚ ኢዙሚ» የሚል የስም ካርድ እጃችሁ ገባ እንበል። ኢዙሚም እንደዚሁ በሁለቱም በኩል የሚሠራ ስም ነው፤ ኢዙሚ ክዮካ የሚባለው ደራሲ የያዘው ለቤተሰቡ ነው። ባለካርዱን ራሱን ከመጠየቅ ሌላ መውጫ የለም፤ እሱም በጨዋ ደንብ የሚጠየቅበት መንገድ ካለ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም ዘር ይቆጥራል፣ አጥንት ያወርሳል፣ ከግል ስም ጋር እንዴት ይተካከላል? የሚል። ይህን የሚል ሰው የጃፓንን መዝገብ ገልጦ ይመልከት። ከሜይጂ በፊት በነበረው በኤዶ ዘመን የቤተሰብ ስምን በአደባባይ መያዝ በአብዛኛው የሳሙራይ መብት ነበር። በ1870 እ.ኤ.አ. ተራው ሕዝብም መያዝ ይችላል ተባለ፤ ብዙ ሰው አልተጣደፈም። ሰው በስጦታ ያልወሰደውን መንግሥት በ1875 እ.ኤ.አ. ግዴታ አደረገበት፤ ወታደር ለመመልመል ማን የማን ቤት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልገው ነበርና። ስንቱ የተራራ ማሳ፣ ስንቱ የወንዝ ዳር፣ ስንቱ የመንደር ደቡብ የአንድ ቤት ዘላለማዊ መጠሪያ ሆኖ በመዝገብ የጸናው እንዲህ ነው። ጄኔራል ሚናሚማ ይህን ጥበብ ባሕር አሻገረው። በ1940 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩ ኮሪያውያን የጃፓን ዓይነት የቤተሰብ ስም እንዲያወጡ አዘዘ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ አስመዘገቡ። በሴት ልጅ ስም የሚጠራ ጄኔራል የአንድን አገር ሕዝብ «የቤተሰብ ስምህ ትክክል አይደለም» ብሎ ማስገደዱ፣ በደል ባይሆን ኖሮ ጥሩ ቀልድ ይወጣው ነበር። ወንበሩን የሚያድለው የመዝገብ ሹም እንጂ አያት ቅድመ አያት አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ደግሞ እስከ ዛሬ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁሉን ያስቀመጠ ቤት ራሱ ቆሟል።

የእኛም አገር ሹም ይህን ሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕዝቡ ግን እንዳልሰማ ሆኖ በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፤ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ እምቢታ በሕግ ታሪካችን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ለሐበሻ ሚናሚ እንቆቅልሽ አይሆንበትም። እኛ ዘንድ ስም ሁሉ ሚናሚ ነው፤ አበበ ዛሬ የልጁ ስም ነው፣ ነገ የልጁ ልጅ ከኋላ ያስከትለዋል። በዚህ የተቸገሩት ፈረንጆች ናቸው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ብዙዎቹ ድሉን ለ«ቢቂላ»፣ ማለትም ለአባቱ ሰጡ። ጃፓኖች ግን እስከ ዛሬ የሚያውቁት አበበ ብለው ነው። ሰውን በቤተሰብ ስሙ ካልሆነ አልጠራም የሚል ሕዝብ አበበን በራሱ ስም መጥራቱ፣ ስማችን በፊት ስለተጻፈ የቤተሰብ መስሎት ይሁን ወይስ ለጆሮ ስለጣፈጠው፣ ልክ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም።

ከሁሉ የሚብሰው ጋብቻ ነው። የጃፓን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 750 ባልና ሚስት ከሁለት አንዱን የቤተሰብ ስም መርጠው አብረው እንዲይዙ ያስገድዳል፤ ከአሥር ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የባልን ይመርጣሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ሕጉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። እንግዲህ ሚናሚ የምትባል ልጅ ሚናሚ ከሚባል ቤት ልጅ ፍቅር ቢይዛት፣ ወይ እሱ የሷን ይውሰድ፣ ወይ ሚናሚ ሚናሚ ሆና ትኑር። እኛ ዘንድ ሚስት ስሟን ይዛ ስለምትገባ አበበች አበበን ብታገባ ሁለቱም እንደነበሩ ይቀጥላሉ። እዚያ ግን ሙሽራዋ ፎርም ስትሞላ የሚያያት ጸሐፊ ሁለት ጊዜ የጻፈችው ተሳስታ ይመስለዋል።

ይህ ሕግ የሚያደርሰውን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዮሺዳ ሂሮሺ በ2024 እ.ኤ.አ. አስልተው አሳይተዋል። ሳቶ ከጃፓን የቤተሰብ ስሞች ሁሉ የበዛው ነው፤ ከመቶ ሰው አንድ ተኩል ገደማ ይይዛል። ባልና ሚስት በአንድ ስም መጠራታቸው በዚሁ ከቀጠለ በ2531 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊ ሁሉ ሳቶ ይሆናል። ስሌቱ ሕጉ እንዲለወጥ ለሚጠይቁ ሰዎች ማንቂያ ተብሎ የቀረበ ነውና እንደ ትንቢት አይያዝ። ቢደርስ ግን የጄኔራሉ ሚናሚ ከመዝገብ ይጠፋል፤ የልጅቷ ሚናሚ ከሳቶ ኋላ ተከትሎ ይተርፋል። ሁለት ቦታ መቀመጥ የሚችለው ስም የሚድነው በዚያ ሹም በማይነካው በኩል ነው። የዚያን ዘመን የቢሮ ሠራተኛ ባልደረባውን በራስ ስሙ ለመጥራት ይደፍር እንደሆነ እንጃ፤ ካልደፈረና እንደ አያቶቹ «ሳቶ-ሳን!» ብሎ ከተጣራ ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አቤት!» ይለዋል።