ማዘርቦርድ ቀይሮ ፋይል የማጣት ዘዴ

ዓላማዎ የዓመታት ፋይልዎን ማጣት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ገና እየሠራ ሳለ ምንም አያዘጋጁ። በቀጥታ ካቻቢቴውን ያንሡ። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። የልጅ ክርስትና ግን ተደግሞ አይነሣምና በዚህ በኩል ኪሳራው አስተማማኝ ነው።

ከሁሉ የሚሠራው ዘዴ ቢትሎከር የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ መርሳት ነው። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ፣ መክፈቻው የተሳሰረው አሮጌው ማሽን ላይ ካለው ቲፒኤም ከሚባለው የደኅንነት ክፍል ጋር ነው። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁጥሩ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አስቀድመው አይፈልጉት፣ ወረቀት ላይም አይጻፉት። ቢትሎከሩን ለጊዜው ማገድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እሱንም ይተዉት። «እኔ መቼ አበራሁት?» ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት ግን፣ አዲስ ጭነው በማይክሮሶፍት አካውንት ከገቡ መቆለፊያው ሳይጠየቁ ይበራል። የማስመለሻ ቁጥሩ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም ሌላ ሊሰጥዎ አይችልም። ይህን የምጽፈው ደህና ዲስክ ይዞ ፋይሉን ያጣ ሰው ስለሚያሳዝነኝ ነው።

የባዮሱንም አሠራር አይመልከቱ። አሮጌው ዊንዶውስ በቀድሞው የባዮስ ስልት፣ ኤምቢአር በሚባለው የዲስክ አከፋፈል ተጭኖ ከሆነ፣ ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን ስልት ብቻ የሚቀበል ማዘርቦርድ ከዚያ ዲስክ አይነሣም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፋይል ሳይነካ አከፋፈሉን የሚቀይር ኤምቢአርቱጂፒቲ የተባለ መሣሪያ አለው። አይንኩት። «ዲስኩ ሞቷል» ብለው ፎርማት ያድርጉት። ፋይሉ በእርግጥ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ዲስኩ ላይ ነበር።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የዲስክ መቆጣጠሪያው ሲለወጥ ሰማያዊ ስክሪን መምጣቱ የተለመደ ነበር። ዊንዶውስ 10 እና 11 ግን ብዙውን ጊዜ ድራይቨሩን ራሳቸው ፈልገው ይነሣሉ። የመጀመሪያው አነሣስ ይዘገያል፤ ያኔ ትዕግሥት አጥተው ሶኬቱን ይንቀሉ።

የኔትወርክ ድራይቨሩንም በፍላሽ አይያዙ። የዊንዶውስ ፈቃዱስ? ከኮምፒውተሩ ጋር ተጭኖ የመጣ ከሆነ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ይቀራል። ለብቻው የተገዛ ከሆነ ግን አስቀድሞ ከአካውንት ጋር ተያይዞ ወደ አዲሱ ይዛወራል። የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ ይጀምሩ።