አክተሩ ይሞታል

በደብረ ታቦር ብርድ ማታ ማታ ቤት ተሰብስቦ ፊልም ማየት ምን እንደሚመስል ለአገሬው አላስረዳም። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ንፋሱን ቁልቁል ይለቅብናል። ከመሸ ደጅ የሚያመሽ ሰው የለም። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል። ጋቢ ይደረባል፣ የፋርጣ ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል፣ ፈንዲሻው ይበተናል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ይሻገራል። ቅዳሜ ከሆነ ጎረቤትም ይጨመራል። ፊልሙ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ተጭኖ የመጣ ነው። ስለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የጫነው ልጅ «አሪፍ ነው» ካለ በቃ አሪፍ ነው።

እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ ጋሼ ይገባሉ።

ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ለቅሶ የማይቀሩ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው፤ አንድም ክፉ አይወጣቸውም። የፊልም መጨረሻ ግን አፋቸው ውስጥ አያድርም። ገና ርዕሱ ሳይጻፍ፣ ድንቻቸውን እየላጡ፣ «ይሄ ቀይ ሸሚዝ የለበሰው ይሞታል» ይላሉ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አያደርጉም። ቀይ ሸሚዙ በዚያ ሰዓት ሰርጉ ላይ ነው፤ ሙሽራዋን ይዞ እየጨፈረ፣ እናቱ በደስታ እያለቀሰች። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ሰርግ አይታየንም። ሬሳ ሲጨፍር ነው የምናየው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉን እንጂ!» ትላለች ባለቤቴ።

«ምን አልኩ? ይሞታል አልኩ እንጂ ማን እንደሚገድለው መች ተናገርኩ?» ይሉና አንድ ጉንጭ ቡና ይጠጣሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ወንድሙ ነው።»

ይህን ነገር ትቼ መተኛት አልቻልኩም። ከየት መጣ ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቪዲዮ ቤትን ነው። በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ሕጉን ያውቀዋል። በፊልም ውስጥ ያለው ፍጥረት በሙሉ ለሁለት ይከፈላል፤ አክተሩና ቦሱ። ሌላው ሁሉ ለጥይት የተዘጋጀ ነው። አክተሩ አይሞትም። ከሕንፃ ቢወድቅ፣ መቶ ሰው ቢተኩስበት፣ ወንዝ ቢወስደው አይሞትም፤ ከሞተ ገንዘባችን ይመለስልን የሚል አድማ ይነሳል። የህንድ ፊልም ሲሆን ደግሞ ተርጓሚው አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በላዩ ላይ የሚተርከው ማለቴ ነው። ተርጓሚው የሚሉትን ብቻ አይነግርህም፤ የሚያስቡትንም፣ ወደፊት የሚያደርጉትንም ጨምሮ ነው። «ይህቺ ሴት እናቱ መሆኗን ገና አላወቀም» ሲልህ አንተ አወቅህ ማለት ነው። ታዲያ ማንም ተነስቶ ሲሳደብ አላየሁም። እንዲያውም ልቅሶው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነበር።

ጃፓኖችም ይህ ነገር ነበራቸው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከሸራው አጠገብ ቆሞ የሁሉንም ድምፅ እያስመሰለ ያወራ ነበር። ተመልካቹም ለፊልሙ ሳይሆን ለቤንሺው ዝና ብሎ ሲኒማ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ጋሼ ያኔ ቶኪዮ ቢወለዱ ደመወዝ ይቆረጥላቸው ነበር ማለት ነው። ደብረ ታቦር ተወለዱና በድንች ይሠራሉ።

በተቃራኒው ሂችኮክን አስቡት። በ1960 እ.ኤ.አ. «ሳይኮ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስከለከለ፤ አይተው የወጡትንም መጨረሻውን እንዳትናገሩ ብሎ ለመነ። ለመነ ነው የምላችሁ! ያን ያህል ታላቅ ሰው። እኛ ቤት አንድ ቅዳሜ ቢያመሽ ሙያውን ይተው ነበር። ለነገሩ የራሳችንም አይተርፍ። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ሲሠራ ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነበር። ጥያቄ ነው። ሰው ትኬት የሚቆርጠው መልሱን ፍለጋ ነው። ጋሼ በር ላይ ቢቆሙ ኖሮ ለተሰለፈው ሁሉ በነፃ ይመልሱለት ነበር።

ይሁንና ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም፤ ምክንያቱም ጋፋት አለ። ከከተማችን ትንሽ ወጣ ስትሉ ያለችው ጋፋት። ቲቪው ጠፍቶ ጋሼ ስለ ጋፋት የጀመሩ እንደሆነ «መጨረሻውን አይንገሩን» የሚል ሰው ከዚህ ቤት አልወጣም። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ፈረንጆች እንዴት መድፍ አቅልጡ እንደተባሉ ይነግሩናል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተቀልጦ ሲወጣ 70 ኩንታል ገደማ መሆኑን ይነግሩናል። ከዚያ መንገዱ ይጀመራል። ጥቅምት 1860 አፄ ቴዎድሮስ መድፉን ይዘው ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ ዘቢጥን አልፈው፣ የጂዳን ገደል ወርደው እንደገና ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው፣ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል። እዚህ ላይ ጋሼ ወንበራቸው ላይ አይቆዩም። ይነሳሉ። ጋቢያቸውን ጠፍር አድርገው ይዘው፣ ወገባቸውን ሰብረው፣ ከሶፋው እስከ በሩ መድፉን ይጎትታሉ። «መንገድ አልነበረም እኮ! እየጠረጉ ነው!» ይላሉ እያለከለኩ። ልጆቹ ከኋላ ይገፉላቸዋል። መጨረሻው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እንደሆነ፣ ሽጉጡ ወዴት እንደዞረ፣ ከታናሹ ልጄ በቀር የማያውቅ የለም። ቢሆንም በሽሎ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ መድፉ ገደል እንዳይገባ እንሰጋለን።

ባለፈው ግን ታናሹ ልጄ ጣልቃ ገባ። «ቴዎድሮስ አክተሩ ናቸው?»

«ናቸዋ!»

«ታዲያ ለምን ሞቱ?»

ጋሼ መድፉን በሩ ላይ ጥለውት ቆሙ። አሰቡ። «አልሞቱም» አሉ በመጨረሻ፣ «አልያዝም አሉ እንጂ።»

በዚህ መልስ ግማሽ በግማሽ ታርቄያቸው ነበር። መጨረሻን ማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም የምንወደውን ታሪክ ሁሉ መጨረሻውን እያወቅን ነው የምንሰማው፤ ስቅለትንስ በየዓመቱ የምንሰግደው አዲስ ነገር ሰምተን ነው? ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ላስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። የባለቤቴ እህት ልጅ ከነፋስ መውጫ መጥታ እኛ ጋር ነው የምትማረው፤ 12ኛ ክፍል ናት። እኛ ፊልም ስናይ እሷ ጥግ ላይ ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ የፊዚክስ ጥያቄ ትሠራለች። ጋሼ አዩዋትና በዚያው በቀይ ሸሚዝ ድምፃቸው፣ «አይ ልጄ፣ አሁን ይሄን ሁሉ ብትለፊ ማን ያልፋል ብለሽ ነው» አሏት። እውነት ነው፣ በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን እሷም ታውቀዋለች። ከእኛ ሁሉ በላይ ታውቀዋለች። ጥጡ ግን ለካ በደንብ አልተወተፈም፤ እስክሪብቶዋ ቆመ።

እዚህ ላይ አልሳቅሁም። ቀይ ሸሚዙን ይግደሉት፣ ግድ የለኝም፤ እሱ ተከፍሎት ነው የሚሞተው። የልጅን መጨረሻ ግን ማን ጭኖ ሰጣቸው? ደግሞ እሳቸው ብቻ ቢሆኑ መልካም። ይህ በሽታ አገሩን ሞልቶታል። ልጅ ትምህርት ሲጀምር «ተምሮ ሥራ የለ»፣ ሰው ሱቅ ሲከፍት «አይዘልቅም»፣ ሙሽሮች ገና ኬክ ሳይቆርሱ «እነዚህስ ዓመት አይሞሉም»። ያየነው ፊልም ይመስል! ሲሆን «ብዬ ነበር» ለማለት፣ ሳይሆን ዝም ለማለት። ጉልበት የሚጠይቀው መድፉን መጎተቱ ነው፤ ገደሉ ጥልቅ ነው ብሎ ማውራትማ ዳገት ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ይቀለዋል። ይህንኑ ልናገራቸው አፌን ስከፍት መብራት ሄደ።

በጨለማ ሽማግሌ መቆጣት ይከብዳል፤ ፊት ለፊትህ ያለው እሳቸው ይሁኑ ቁም ሳጥኑ አታውቅም። ብቻ የጋሼ ባትሪ ቦግ ሲል አየሁ። ወደ ጥጉ ሄዱና ደብተሯ ላይ አበሩላት። «በይ ጻፊ» አሏት። ይቅርታ አይባልም፣ ሌላ ነገርም አይባልም። እንደዚያው ባትሪውን ይዘው ቆዩ። እጃቸው ሲዝል ወደ ሌላኛው እያዛወሩ።

መብራት ኃይልም እንደ ልማዱ አልቸኮለም። ፊልሙ ወንድምየው ሽጉጡን እንዳወጣ ነው የተቋረጠው። ጎረቤታችን እትዬ ከጨለማው ውስጥ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ገደለው?» አሉ። ጋሼ ዝም። «ኧረ ይንገሩን እንጂ!» አለች ባለቤቴ፤ ያቺው «ይተዉን» ባይዋ። ጋሼ ከጥጉ ሆነው፣ «ዝም በሉ፣ ልጅቱ ታጥና» አሉን።

መብራቱ ሳይመጣ ተኛን። ፍላሹ የሰው ስለነበረ በማግስቱ ሄደ። እኔ ሰኞ ሙዚቃ ቤቱ ሄጄ ያንኑ ፊልም ጫንልኝ ብለው፣ ልጁ ስሙን ጠየቀኝ፤ ስሙን ደግሞ ማናችንም አላነበብነውም፣ ያኔ ጋሼ እያወሩ ነበር። «ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ሰርግ ላይ ይጨፍራል» አልኩት። የህንድ ፊልም ሁሉ እንደዚያ ነው አለኝ። «ወንድሙ ነው የሚገድለው» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እሱ ከሆነማ ክፍል ሁለት አለው፤ አይሞትም» አለኝ። ከኋላዬ የቆመው ወጣት ይሞታል አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የሞተው መንትያው ነው ብላ ተነሳች። ለማንኛውም ብዬ ሁለቱንም ክፍል አስጫንኩ። ድንቹ ተቀቅሏል፣ ጋሼ እስኪመጡ እየጠበቅን ነው።